ባቡሩ ቡኢ ገባ፤ ቁመቱ ሦስት ጣት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የዘንድሮው ጉድ በሻንጣ ታጭቆ፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እዚሁ ቡኢ፣ እኔው ቤት ገባ።

የወንድሜ ልጅ ከጀርመን መጣ። ሃምሳን የተሻገረ፣ ጠጉሩ የሳሳ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሻንጣ ምን እንደሚይዝ ባገራችን የታወቀ ነው፤ ለእናት ሹራብ፣ ለአባት የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለጎረምሳ ስልክ፣ ለጎረቤት ቸኮሌት፣ ድንገት ብቅ ለሚል ዘመድ ሳሙና። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሻንጣው ሲከፈት በስፖንጅ የተጠቀለለ ሐዲድ ወጣ። ከሐዲዱ ሥር ፉርጎ። ከፉርጎው ሥር ሌላ ፉርጎ። ባለቤቴ ተስፋ ሳትቆርጥ እስከ ሻንጣው ወለል ጠበቀች፤ ወለሉ ላይ ትራንስፎርመር ተገኘ።

«ጋሼ፣ የሕፃን መጫወቻ እንዳይመስልዎት፤ ሞዴል ነው» አለኝ።

የሕፃን መጫወቻ ቢሆንማ ለሕፃን ሰጥተን በተገላገልን! ጣጣው ሕፃን እንዳይነካው መከልከሉ ነው። የሰፈሩ ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ምንጣፌ ላይ ተንበርክኮ ይጫወታል። እኛ ልጅ ሳለን መኪናችንን ከሽቦና ከቆርኪ ራሳችን ሠርተን፣ ራሳችን ነድተን፣ ራሳችን ገልብጠናታል። ዋጋዋም አንድ ጥፊ ነበር፤ ሽቦው ከሰው አጥር የተፈታ ነዋ! ይህ ሎኮሞቲቭ ግን ብቻውን ከሦስት መቶ ዩሮ በላይ ነው። ወደ ብር መንዝሬ ስጨርስ ሞቀኝ፤ ጋቢዬን አወለቅሁ። ፉርጎዎቹን እንዳልመነዝር ባለቤቴ ለመነችኝ።

ከዚያ ስለ ልክ ማስተማር ጀመረ። ልኩ 1 ለ87 ነው አለኝ። እውነተኛው ሰማንያ ሰባት ሜትር እዚህ አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለምን ሰማንያ ሰባት? ለምን መቶ ብለው አይገላገሉም? ለካ እንግሊዞች የራሳቸውን አንድ ጫማ በሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ለክተውት ሲካፈል የወጣ ቁጥር ነው። ዕድሜዬን መርካቶ በንግድ ስኖር ብዙ ዓይነት ሚዛን አይቻለሁ፤ አንዳንዱንም በእጄ ይዤዋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ደፍሮ ያወጣ ነጋዴ አላየሁም። በዚህ ልክ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የመንገደኛ ፉርጎ አንድ ስንዝር፤ ሎኮሞቲቩ ሦስት ጣት ቢሞላ ነው።

ልጃችን ደግሞ እንደ ሰው ሱቅ ገብቶ ያለውን አይገዛም። የድሮው የጅቡቲ መስመራችን የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር በዚህ ልክ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አብዛኛው የአውሮፓ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሱቁን የሞላው ዕቃ 16 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በአራት ሚሊ ሜትር ተኩል የተነሣ ርካሹን ዕቃ ሁሉ ትቶ፣ ጠባብ ሐዲድ ላላቸው የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡሮች የሚሠራውን ውድ ዕቃ እየገዛ፣ እየፈታ፣ እየቀባ የኢትዮጵያ ያደርገዋል። «ቢሰፋ ማን ያይሃል?» ብለው «እኔ አያለሁ» አለኝ። የሰይጣን ጆሮ አይስማ፤ በዘራችን እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

እሱ አንድ ብቻ ቢሆን ዘመድ ሰብስበን ጠበል እንወስደው ነበር። ግን ብዙ ናቸው። ሀምቡርግ በሚባለው ከተማ ፍሬደሪክና ጌሪት ብራውን የሚባሉ መንታ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የድሮ የወደብ መጋዘን ይዘው፣ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ብለው ሰይመው፣ ሐዲድ የዘረጉበትን ለተመልካች ከፈቱ። ያ የመጋዘን ሰፈር ድሮ ቡና የሚከማችበት ነው። ቡና በነበረበት ሰፈር አሁን ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የመጫወቻ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ሰው ከየአገሩ ከፍሎ ይገባል። የእኛ የድሮ መስመር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ87 ሲካፈል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሆናል። እነዚያ መንታዎች እኛ በስንት አበሳ የሠራነውን መስመር መጋዘናቸው ውስጥ ከነጣቢያው ቢዘረጉት ስድስት ኪሎ ሜትር ይተርፋቸዋል!

ሮድ ስቱዋርት የሚባል የእንግሊዝ ዘፋኝም አለ። ዝና ያለው፣ ሀብት ያለው፣ አዳራሽ የሚሞላ ሰው። እሱም ከሃያ ዓመት በላይ ቤቱ ጣሪያ ሥር የአሜሪካ ከተማን ከነባቡሩ ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም አሳየ። ለዘፈን ሲዞር ከመኝታው ሌላ ተጨማሪ የሆቴል ክፍል ይይዛል አሉ፤ ሕንፃዎቹን እየሠራ የሚያመሽበት። አየህ፣ የኛ ዘፋኝ ሁለተኛ ክፍል ቢይዝ ስንት ወሬ ይወራበት ነበር! ይህ ሰውዬ ሙጫ ሲቀባ ያድራል።

ነገሩ ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 በቁልፍ የሚጠመዘዝ ባቡር ከነሐዲዱ ለገበያ አቀረበ። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የእውነተኛውን ባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1894 መሆኑ ነው። ቁጠሩት። ፈረንጅ ለልጁ መጫወቻውን ገዝቶ ከጨረሰ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው እኛ ለትልቁ ወረቀት የፈረምነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዝገቱ ነገር ነው። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ሎኮሞቲቭ በዚያ ሁሉ ገንዘብ ይገዛሉ። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ዝገት ይቀቡታል። ከጭስ ማውጫው ጥቀርሻ፣ ከጎማው— ይቅርታ፣ ከብረት እግሩ ጭቃ፣ ከጣሪያው የወፍ ኩስ ሳይቀር ይሥሉበታል። የዝገት ቀለም በብልቃጥ ይሸጣል፤ ለአዲሱ ዝገት አንድ ዓይነት፣ ለቆየው ዝገት ሌላ ዓይነት። እኔ የቆርቆሮ ጣሪያዬን ዝገት ለማስለቀቅ ስንት ክረምት ስታገል ኖሬአለሁ፤ ገዢ እንዳለው ቀድሞ የነገረኝ የለም። ልጄ፣ ዝገት ከፈለግህ እዚህ በነፃ ነው፤ ከማጓጓዣው በቀር የምትከፍለው የለም።

ሰውና ከብትም ይሸጣል። በከረጢት የታሸጉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሰዎች አሉ፤ ቦርሳ የያዘ፣ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ሚስቱን የሚሰናበት። ሁሉም ኮት ለባሽ ናቸው። ልጃችን አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ ኮቱን ነጭ እየቀባ ጋቢ ያደርገዋል። ላሞቹ የፈረንጅ ስለሆኑ ሻኛ የላቸውም፤ በእንጨት መሙያ ሊጥ ለእያንዳንዷ ላም ሻኛ ያወጣላታል። አንዷን አነሣሁና «ይቺ ትታለባለች?» አልሁት። አልሳቀም። እነዚህ ሰዎች በሌላ ነገር ሁሉ ይሥቃሉ፤ በልኩ የመጣባቸው ቀን ግን ጨዋታ የለም።

እኔንም ምስክር አድርጎ ያስቀመጠኝ በዚሁ በልክ ጉዳይ ነው። ድፍን የጀርመን ባቡር ወዳጅ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው መሰለኝ፣ ደብተር ይዞ ፊቴ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ለገሀር ነበሩ። የሊቶሪናው ባቡር ቀለም ምን ነበር? የበሩ እጀታ በቀኝ ነው በግራ? መስኮቱ ወደ ላይ ይከፈታል ወደ ታች?»

እውነት ነው ለገሀር ነበርሁ። የዘመኑ የክስታኔ ልጅ ዕጣ ነውና ከቡኢ ወጥቼ የሊስትሮ ሣጥን ይዤ ከጣቢያው ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። ጣልያን ሮም ድረስ ወስዶት የነበረው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በኋላ ተመልሶ እዚያው ቆሟል። ጣልያን በፈረንጅ 1930ዎቹ ያመጣት ፊያት ሠራሽ ሊቶሪና፣ ከእርሷ በኋላ የመጡት የፈረንሳዩ አልስቶም የናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ ሁሉም በአጠገቤ አልፈዋል። ይሁን እንጂ ሊስትሮ ቀና ብሎ ባቡር የሚያይ ለምን መሰለው? ሊስትሮ የሚያየው ወደ ታች ነው!

ስለ ጫማ ቢጠይቀኝ ደብተሩን በሞላሁለት። ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ ጫማው የአዋሽን ሜዳ አቧራ ይዞ ነው የሚወርደው፤ በብሩሽ ብቻ አይለቅም፤ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃ ደግሞ ወጪ ነው። የፈረንሳይ ሹማምንት ነጭ ጫማ ያደርጉ ነበር፤ ነጭ ቀለም ስለሚወደድ ሲመጡ ሳይ ሣጥኔን ዘግቼ ሰማይ አያለሁ። የምድር ባቡር ሠራተኛ ጫማ ቅባት የጠጣ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይጠረጋል፣ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። የኮንትሮባንድ ነጋዴዋ ጫማ የለም፤ ኮንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ፣ ጨርቋን በሰውነቷ ጠቅልላ፣ ፈታሽ እንዳያያት ትሮጣለች። ይህንን ሁሉ ነገርሁት። አንዱንም አልጻፈም። «ቀለሙስ ጋሼ?» አለኝ። ቡናማ ነው አልሁት፤ የቀለም ቆርቆሮዬን አስቤ ነው።

ይኸው ቡናማ ሊቶሪና ቀብቶ ተቀምጧል።

የዘረጋውን ነገር ለማየት ጎረቤት ተጠራ። ሐዲዱ ከቡፌው ሥር ተነሥቶ፣ በሶፋው ጀርባ ዞሮ፣ የልጅ ልጆቼ መጽሐፍ ተደራርቦ በተሠራ ድልድይ አዋሽን ተሻግሮ፣ ምንጣፉ ጫፍ ጅቡቲ ይገባል። እውነተኛውን መስመር ፈረንሳዮች ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ጀምረው ድሬዳዋ በ1895 አደረሱት፤ ኩባንያው ከሰረ፤ ሌላ ኩባንያ ተተካና አዲስ አበባ በ1909 ገባ። ፈቃዱ ከተሰጠ ሃያ ሦስት ዓመት። ልጃችን በአንድ ከሰዓት ጨረሰው፤ ያውም ምሳ ሳያቋርጥ።

ባቡሩ ተነሣ። ሆዱ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተቀብሮበታልና ያጓራል፣ ጥሩንባ ይነፋል። ልጃችን የጣቢያውን ሰዓት አሳየን፤ እንዲፈጥን ተደርጎ የተሠራ ነው፣ አሥር ደቂቃ ሲሆን አንድ ሰዓት ይቆጥራል። መንገዱ አጭር ስለሆነ ጊዜውንም አሳጠሩት። ድሮ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ መንገደኛ አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስት ቀን ነበር ጅቡቲ የሚገባው። እኔ ቤት አዋሽ ድልድይ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጨለማ ሆነ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ቆመ። ልጃችን በሀፍረት ተሸማቀቀ። ጎረቤታችን ግን ከማዕዘኑ፣ «ተው ተው፣ አሁን ነው የኛን ባቡር የመሰለው!» ብሎ ቡና እንዲደገም ጠየቀ። መብራት እስኪመጣ ሦስተኛው በረካ ተጠጣ። የቡናው ወጪ በእኔ ነው፤ ያን የሚጽፍ ደብተር የለም።

በጨለማው ውስጥ በባትሪ መብራት ሻንጣውን ሲፈትሽ ሌላ ጉድ አየሁ። በትናንሽ ላስቲክ የተቋጠረ መለዋወጫ ሞልቶታል። ትርፍ እግር፣ ትርፍ ማያያዣ ጥርስ፣ የሞተር ከሰል፣ ከምስር የምታንስ ብሎን። ለሦስት ጣት ባቡር! የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እልል ብለናል። 34 ኪሎ ሜትር መስመር፣ 41 ባቡር፤ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ብዙ ሳይቆይ ግማሽ የሚሆነው፣ ኋላም ከግማሽ የሚበልጠው መለዋወጫ አጥቶ ተኝቷል ተባለ። ያኔ ይህን ልጅ ከነሻንጣው ጠርቶ የጠየቀው የለም። የድሮው መስመር ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ መካከል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጸጥ ካለ በኋላ፣ የድሬዳዋ ሠራተኞች ፈረንሳይኛቸውን እያወሩ፣ ብረቱን ራሳቸው እያቀለጡና እየሞረዱ መለዋወጫ ሲያወጡበት የኖሩት ወርክሾፕ ቱሪስት የሚያየው ሆኖ ቀረ። ቻይኖች በሠሩት በአዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር የሚሄድ ሰው አሁን ከድሮው ፈጥኖ ጅቡቲ ይገባል። እሰየው። ይህ ልጅ ግን በሱ ላይ ዓይኑን አያሳርፍም፤ «ገና አልዛገም» ይላል።

እዚህ ላይ ነው የውስጤን የምናገረው። እኔ በመጫወቱ አይደለም የተቆጣሁት። ይጫወት። ያስቆጣኝ የጠረጴዛው ነገር ነው።

ጀርመን አገር ፍሬሞ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ማኅበር አለ። አባል የሆነ ሁሉ በየቤቱ አንድ ጠረጴዛ የሚያህል አገር ይሠራል፤ አንዱ ጣቢያ፣ አንዱ ጫካ፣ አንዱ ድልድይ። የጠረጴዛው ጫፍ ልኩ አስቀድሞ የተስማሙበት ስለሆነ የማንም ከማንም ይገጥማል። በቀጠሮ ቀን ትልቅ አዳራሽ ይከራያሉ፣ ሁሉም የየራሱን ተሸክሞ ይመጣል፣ ይገጣጥሙታል፤ የማንም ብቻውን ያልሠራው ረጅም መስመር ይሆናል። ከዚያ የጉዞ ሰዓት አውጥተው፣ ጣቢያ ሹም መድበው፣ ሲያነሡና ሲያወርዱ ይውላሉ።

ይህንን ሲነግረኝ ፈረንጅ የፈጠረው አዲስ ነገር አስመስሎ ነው። እኔ ፊት! ከዓለም ገና ተነሥቶ በእኛ በቡኢ፣ በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ እንዴት የተሠራ መሰለው? በ1950ዎቹ ማኅበር ቆመ። ነጋዴው ከሱቁ፣ ደመወዝተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከአዝመራው አዋጣ። እኔም ከሊስትሮ ሣንቲሜ አዋጥቻለሁ፤ ደረሰኙ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ባቡር ወደ ባሕር እንጂ ወደ እኛ እንደማይዞር ቀድሞ የገባን ሰዎች ነን። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ መውጣት አቅቶት ታች ሜዳው ላይ ድሬዳዋን የሚያህል ከተማ ሲወልድ ዓይተናል፤ ባቡር የረገጠው ቦታ ከተማ ይሆናል፣ የዘለለው ዝም ይላል። ቡኢ ዝም እንዳትል መንገዱን በራሳችን ጉልበት አመጣነው። ስለዚህ ሁሉም የየድርሻውን አምጥቶ ስለሚገጥምበት ነገር እኔን የሚያስተምረኝ ጀርመን የለም።

«እሺ፣ አንተስ ለማኅበሩ የትኛውን አገር ሠራህ?» አልሁት።

አዋሽን ሠርቷል። ድሬዳዋን ጀምሯል። ሞጆ በዕቅድ ላይ ናት።

«ቡኢስ?»

«ጋሼ፣ ቡኢ እኮ ባቡር የላትም።»

ተመልከቱ! እትብቱ የተቀበረባት አገር ናት። ለዚሁ ልጅ ነው የመስቀል ክትፎ ቅቤው ተነጥሮ፣ ቆጮው ተጋግሮ የቀረበው። ላም ሻኛ የሚያወጣ ሰው ለቡኢ ጣቢያ ማውጣት አቃተው! «እውነተኛውን ነው የምንሠራው፤ የሌለ ነገር አንጨምርም» አለ፤ ይህን ያለው ቡናማ ሊቶሪና በእጁ ይዞ ነው።

እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ የዚያኑ ማታ የሀምቡርጎቹን መንታዎች ፊልም በስልኩ አሳየኝ። ክኑፊንገን የሚባል ከተማ ሠርተዋል። ጎዳና አለው፣ እሳት አደጋ አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አውሮፕላን የሚነሣበትና የሚያርፍበት አየር ማረፊያ አለው። «ይህ ከተማ ጀርመን ውስጥ ወዴት በኩል ነው?» አልሁት። «የለም ጋሼ፣ የፈጠራ ነው።» ስልኩን አስቀመጥሁ። ልጄ፣ በዓለም ላይ የሌለ ከተማ አየር ማረፊያ ከተሠራለት፣ ያለ ከተማ ባቡር ጣቢያ የሚነፈገው በየትኛው ሕግ ነው? መልስ አጣ። ከጀርመን ድረስ መጥቶ ቡኢ ላይ ተረታ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። የቡኢ ጠረጴዛ ይሠራል ተብሎ ሲወራ ሽማግሌው ሁሉ ቤቴ ሰፈረ። መዋጮ ወጣ፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ከእኔ በቀር ማን ደረሰኝ ያውቃል? ጥያ ያሉት 36 ትክል ድንጋዮች ሳይረሱ ይገቡ ተባለ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የመዘገባቸውን እኛ ብንዘላቸው ያሳፍራል። መንገደኛ ከየት ይመጣል ሲባል፣ መጋቢት 5 ምድረ ከብድ አቦን ሊሳለም የሚመጣው ሕዝብ ብቻ ሊቶሪናውን ይሞላዋል ተባለ። ጭነቱ ቅቤ፣ በርበሬና ቆጮ ነው። ጣቢያው ደጃፍ አንድ ሊስትሮ ይቀመጥ አልሁ፤ ጫማው በትክክል እንዲቀባ እኔው ቆሜ አሠራለሁ። እዚህ ድረስ ስምምነት ነበር።

ጠቡ የመጣው ሐዲዱ ወዴት ይለፍ ሲባል ነው። ለካ ባቡር እንደ ልብ አይታጠፍም፤ መቶ ሜትር ሄዶ ሦስት ሜትር ከወጣም ይለግማል። ስለዚህ አቀበቱን ሸሽቶ፣ ጠምዛዛውን ሰፋ አድርጎ፣ የግድ በሰው እንሰት ውስጥ ማለፍ አለበት። በማን እንሰት? ልጃችን ካርቶን ላይ መስመር በእርሳስ ሲያሰምር ከጎኔ ያለው ሽማግሌ ተነሣ። «ይህ የአባቴ ጓሮ ነው» አለ። ካርቶን ላይ! ሌላው ደግሞ ጣቢያው ከእሱ በር ፊት ካልሆነ መዋጮዬ ይመለስልኝ አለ። ሦስተኛው ካሳ ጠየቀ፤ ለሃያ እግር እንሰት፤ እንሰቱ ከአረንጓዴ ወረቀት ገና ሊቆረጥ ነው። «ካሳውም በ87 ይካፈላል» ቢለው ልጃችን፣ ሰውዬው ወይ ፍንክች፤ እንሰቱ ያንሳል እንጂ የአባቴ ስም አያንስም አለ።

ልጃችን ወደ ጀርመን የሚመለስበት ቀን ደርሶ ሄደ። ሐዲዱን ጥሎልን ነው የሄደው። የአፄ ምኒልክ መስመር ሃያ ሦስት ዓመት ለምን እንደፈጀ አሁን ገብቶኛል፤ የቡኢው አንድ ሜትር ተኩል ከዚያ በታች ይጨርሳል ብዬ አልፈርምም። በየሳምንቱ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ካርቶኑ ይዘረጋል፣ ካርቶኑ ይታጠፋል። ሰብሳቢው እኔ ስለሆንሁ አድልዎ እንዳይባል መስመሩ በእኔ ጓሮ ይለፍ ቢሉኝ በደስታ እሺ ባልሁ ነበር። ነገር ግን መስመሩን አየሁት፤ በቀጥታ የሚሄደው በቡናዬ ላይ ነው። ለባቡር ሲባል አንድ ጣት መሬት እለቃለሁ። ሁለተኛውን ጣት የሚፈልግ በፍርድ ቤት ይምጣ።